እናቴ የሸከፈችው የምጥ ቦርሳ

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል። በእኛ አገር፣ በጎጃም ደጋ፣ በዚህ የሚከራከር የለም። ድርስ እርጉዝ ወሯ ሲገባ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ትወልዳለች፣ እዚያ ትታረሳለች። እኔ ግን በመተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ያንን የሚያህል ሆድ ይዤ መጀመሪያ ጎንደር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ወላጆቼ ቀበሌ ድረስ ልሂድ ብል ኖሮ ልጄ የምትወለደው አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ስለዚህ እኔ ወደ እናቴ መሄዴ ቀርቶ እናቴ ወደ እኔ መጣች።

የመጣችው ሚያዝያ ላይ ነው። በገንዳ ውሃ ሚያዝያ ጥላ ሥር ያደረ ውሃ እንኳ ለሻይ ትንሽ የቀረው ነው የሚመስለው። እናቴ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በላዩ ጋቢ ደርባ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። ከኋላዋ የአውቶቡሱ ረዳት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጓዟን እያወረደ ያጉረመርማል። ቢያጉረመርምም አይፈረድበትም። ለአራስ ቤቴ ብላ የቋጠረችው ቅቤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቀልጦ የተሳፋሪውን ሻንጣ ሁሉ አጥግቦት ነበር።

ስማኝ ስታበቃ ግራ ቀኙን አየችና፣ “ልጄ፣ እዚህ ሰው ይኖራል?” አለችኝ።

“ይኖራል እንጂ እማ። ይኸው እኔ አለሁ።”

“አንችማ ሥራው ይዞሽ ነው” አለች፣ ጋቢዋን ግን አላወለቀችም። ብርድ እንዳይመታት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሙቀቱ አልነበረም፤ ቦርሳው ነው። ጤና ጣቢያ ክትትል የምታደርግልኝ አዋላጅ ነርስ በሄድኩ ቁጥር ታሳስበኛለች። ለሕፃኑ ስስ የጥጥ ልብስና ንጹሕ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ለእኔ ቅያሪ ቀሚስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ፔርሙስ፤ ሁሉም በአንድ ቦርሳ ተሸክፎ በር ሥር ይቀመጥ ትለኛለች። “ምጡ ሲመጣ ልብስ ፍለጋ ሳጥን ስትገለብጪ እንዳትገኚ” ነበር ያለችኝ። እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። የነገ ትምህርቴን ዛሬ ካላዘጋጀሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። መመሪያ ሲሰጠኝ ደስ ይለኛል።

እናቴ በመጣች በማግስቱ ምሳ ላይ፣ “ነገ ለሕፃኑ ልብስ እንገዛለን” አልኳት።

የጠቀለለችውን እንጀራ ወደ ሰሃኑ መለሰችው። “ለማን?”

“ለሚወለደው።”

“የታለ?”

“ሆዴ ውስጥ ነዋ።”

“ሲወጣ ይገዛለታል” አለችና ስለ ጎረቤታችን ላም ማውራት ጀመረች።

ለምን እንደዚያ እንዳለች አውቅ ነበር። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ነበራት። ያኔ ልጅ እግር ናት፣ ደስታዋን የምታደርግበት አጥታለች፣ ሆዷ መግፋት ሲጀምር ጥጥ ፈትላ ትንሽዬ ጋቢ አሠራችለት። ልጁ ተወለደ፣ አላለቀሰም። ጋቢው ቤት ውስጥ ቀረ። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንስታውም አታውቅ። ከዚያ በኋላ ለተወለድነው ለማናችንም አንድ ክር እንኳ ቀድማ አላዘጋጀችም። እኔ ስወለድ የጠቀለሉኝ በአባቴ ኩታ ነው። ከተሜ አዋላጅ ይህን ብትሰማ ኋላ ቀርነት ትለው ይሆናል። እኔ ግን እናቴን ሳያት አንጀቴን ትበላኝ ነበር፤ ልከራከራት አልቻልኩም። ግን ደግሞ ያለ ልብስ መውለድም አልፈለግኩም።

መፍትሔዬ አከራያችን ነበረች። ከድንበር ማዶ ገላባት ያደገች፣ በግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሱዳን ዕቃ የምትነግድ ሙስሊም ሴት ናት። አማርኛዋን በዐረብኛ እያጣፈጠች ታወራለች። እናቴንም ከመጣች ቀን ጀምሮ “ሐቦባ” እያለች ነበር የምትጠራት። ሐቦባ በሱዳኖች አያት ማለት ነው። እናቴ ትርጉሙን ሳትጠይቅ “አቤት” ትላታለች፤ ብታውቅ ኖሮ ገና ሳይወለድ ብላ ግቢውን ታናውጠው ነበር።

ጉዳዬን ስነግራት አከራያችን ከንፈሯን መጠጠችና፣ “ማፊ ሙሽኪላ” አለችኝ፣ ችግር የለም ማለቷ ነው። “እኔ ጋ ይቀመጣል። ሐቦባም አታየው፣ አንችም ሐሳብሽ ይረፍ።”

እናቴ ቀትር ላይ ስትተኛ እኔ ወደ ሱቁ ሹልክ እላለሁ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። አከራያችን ከመደርደሪያው ስስ የሱዳን ጥጥ ታወርዳለች፣ ጉንጬ ላይ ታስነካኛለች፣ “ይኸ ሻካራ ነው፣ ይኸኛው ይሻላል” ትለኛለች። እጅጌያቸው አውራ ጣቴን የሚያህል ሸሚዞች አገኘችልኝ። አንዱን ሸሚዝ ሆዴ ላይ ዘርግታ ስትለካው ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ቦርሳው ሞልቶ ከስኳር ጆንያዎቹ ጀርባ ተደበቀ።

ቤት ስመለስ እናቴ ነቅታ፣ ሰሌን ማራገቢያዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ጋደም ስል ክንዷ እስኪዝል ታራግብልኛለች። ስለ ሁሉ ነገር ታወራልኛለች፤ ስለ ደብሩ ጣሪያ፣ ስለ ድንች፣ ስለ አጎቴ ጥርስ። ስለ ልጁ ግን ቃል አይወጣትም። አንዳንዴ እጇን ሆዴ ላይ ታሳርፍና ሲራገጥ ፈጥና ታነሳዋለች፣ ትኩስ ወጥ በጣቱ እንደቀመሰ ሰው።

ምጡ የመጣው ከተቆረጠልኝ ቀን ቀድሞ ነው። ረፋድ ላይ በረንዳ ቁጭ ብዬ ወሊድ ፈቃድ ከመውጣቴ በፊት ያልጨረስኩትን የፈተና ወረቀት ሳርም የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። የዚያን ቀን ጠዋት አከራያችን ዕቃ ልታመጣ ድንበሩ ድረስ፣ መተማ ዮሐንስ ሄዳለች፤ ሱቁ ተቆልፏል፣ ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው። ባለቤቴም ሥራው እዚያው መተማ ዮሐንስ ስለሆነ ቤት የለም። ስልክ ብሞክር ኔትወርኩ ተኝቷል። የቀረሁት ከእናቴና ከተቆለፈው በር ጋር ነው።

“እማ፣ ቦርሳዬ ሱቅ ውስጥ ነው” አልኳት። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

“የምን ቦርሳ?”

“የሕፃኑ ልብስ ያለበት።”

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የበሩን ጓጉንቸር ሄዳ አየችው፣ ጎተት አደረገችው። “ተቆልፎበታል?”

“ተቆልፎበታል።”

“ደግ ነው። እዚያው ይሁን” አለችና ቀሚሷን ከፍ አድርጋ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ቤት ገባች።

ለትምህርት ቤት የምይዘውን ትልቁን ቦርሳዬን አነሳችና ከነጠመኔው አልጋ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ የመጣችበትን ማዳበሪያ ፈታችና መሸከፍ ጀመረች። መጀመሪያ የገባው ወፍራም ጋቢ ነው። ከማስገባቷ በፊት ብድግ አድርጋ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጆሮው የከበደ ሰው ያለ ይመስል ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ “ይህ ላንች ነው” አለች።

“እሽ እማ።”

ብርድ ልብስ ተከተለ። “ይህም ላንች ነው።” ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል። የገብስ ዱቄት፣ ተልባ፣ በጠርሙስ የተረፈው ቅቤ፣ ጸበል፤ ሁሉም ለእኔ መሆኑ እየተነገረ ገባ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። እናቴ ለሕፃን ቦርሳ እየሸከፈች አልነበረም። የሚሰማ ካለ ይስማ፣ የምትሸክፈው ለገዛ ልጇ ነው፤ ልጇ ደግሞ ይህችው ቆማለች፣ ከተወለደች ስንት ዘመኗ።

በመጨረሻ እጇን ጉያዋ ከትታ አንድ ነገር አወጣች። በኪሮሽ የተሠራ የሱፍ ቆብ ነው፤ ብርቱካን ላይ ቢደፋ ልክ ይሆናል። ዓይኔን ሳታይ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ “ይህም ላንች ነው” አለች።

“ለእኔ?”

“ላንች።”

“እማ፣ ራሴ ላይ ይገባል?”

“ዝም በይ። ጭንቅላትሽን ብርድ ቢመታሽ ማን ያስታምምሻል።”

ምጡም ሳቁም አንድ ላይ መጡብኝ። የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ሳምጥ እስቃለሁ፣ ስስቅ አምጣለሁ። እሷ ወገቤን ደግፋ “ማርያም ማርያም” ትላለች፣ ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ሳቋን ይዛ ነው። ያንን ቆብ ጎጃም ሳለች፣ ማንም ሳያያት፣ ሌሊት ሌሊት ሠርታው መሆን አለበት።

በባጃጅ ሄድን። ሾፌሩ የሱዳን ዘፈኑን ዘጋና እያንዳንዱን ጉድጓድ በቀስታ አለፈው። እናቴ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ ልትለቀው አልፈለገችም። ጤና ጣቢያ ስንደርስ አዋላጇ የመጣልኝን ዕቃ ልታይ ቦርሳውን ከፈተችው። ጋቢውን አወጣች፣ ብርድ ልብሱን አወጣች፣ ጸበሉን ወደ ጎን አደረገች። ቆቡን ስታገኝ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አንዴ ቆቡን፣ አንዴ ራሴን አየች።

“የእሷ ነው” አለች እናቴ፣ ሳትጠየቅ።

አዋላጇ የቆላ ሰው ናት፣ ብዙ አይታለች። “እሽ እናቴ” ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

እናቴ ከራስጌዬ ሆና እጄን ያዘች። ስለ ምጡ ማውራት አልፈልግም፤ ያየች ታውቀዋለች። ልጁ ሲወጣ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። አዋላጇ አንገቷን ደፍታ በፍጥነት ትሠራለች። ለቅሶ የለም። የእናቴ እጅ እጄን ጨመቀው፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ። ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፤ የማርያምን ስም እንኳ አቁማለች። ለራሴ ከፈራሁት ይበልጥ ለእሷ ፈራሁ። “ይህን ሁለተኛ አታሳያት” አልኩ በልቤ።

ከዚያ ለቅሶው መጣ። ቀጭን፣ ንዴተኛ ለቅሶ ነው፤ ጠባዩን ልጄ አሁን ድረስ አልቀየረችውም።

“ሴት ናት። ስስ ጨርቅ ስጡኝ፣ ቶሎ” አለች አዋላጇ።

ቦርሳው ውስጥ ስስ ነገር የለም። እናቴ ከትከሻዋ የክት ነጠላዋን ሳበችና ከመሃሉ ተረተረችው። ያንን ነጠላ ለጥምቀትና ለሠርግ ካልሆነ ከሳጥን አታወጣውም ነበር። አንዱን ቁራጭ ለአዋላጇ ሰጥታ እልልታዋን ለቀቀችው። ለሴት ልጅ ስንት ጊዜ እልል እንደሚባል ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ቁጥሩ ጠፋባት። ኮሪደሩ ላይ ለክትባት የተሰለፉት እናቶች ተቀበሏት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለቤቴና አከራያችን ኔትወርኩ ሲነቃ ተደውሎላቸው ከሰዓት በኋላ በአንድ አይሱዙ ጋቢና ተጭነው ደረሱ። አከራያችን “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብላ ጉንጬን ሳመችኝና የደበቅነውን ቦርሳ አልጋው ሥር አኖረችው። “አሁን መንገድ ላይ ገዛሁት፣ ሐቦባ” አለቻት እናቴን፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። እናቴ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ውሸት መሆኑን አውቃለች፤ “ስስ ነው፣ ለዚህ አገር ደግ ነው” ብላ ግን መልሳ አጣጠፈቻቸው።

አራስ ቤቴ ሁሉ ሳቅ ነበር። እናቴ በዚያ ሙቀት ገንፎ ታገነፋለች፣ እኔ በላብ ተጠምቄ እበላለሁ፣ ባለቤቴ ጥላ ፍለጋ አልጋችንን ከግድግዳ ግድግዳ ይገፋል። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ከቤት ጠፋች። ከተማውን አታውቀውም፣ ፀሐዩ ደግሞ የሚያናግር አይደለም። ባለቤቴ ሊፈልጋት ሊወጣ ሲል በር ላይ ደረሰች፤ በላብ ርሳ፣ ክንዷ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ።

ስትፈታው ቀይ የልጅ ቦቲ ጫማ ነው፤ የዝናብ፣ የላስቲክ። በበጋ ቦቲ የሚገዛ ሰው ስለሌለ ነጋዴው ከመጋዘን ሥር አቧራውን አራግፎ ነው ያወጣላት።

“የሐምሌው ጭቃችን ደግ አይዶለም” አለች። “እኔ ጋ ስትመጣ ከቤት እስከ ወንዙ በምን ትሄዳለች? አጥሩ ሥር ያለው ጭቃማ ሰውም ይውጣል።”

እናቴ ለእኛ ልብስ ስትገዛ ሁልጊዜ በልካችን ነበር። የጎረቤት ልጆች እጅጌያቸው ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሲሄዱ እኔ በልኬ እሄድ ነበር፤ ያኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ስለነገ ደፍራ የማትገዛ መሆኗ የገባኝ አልጋ ላይ ሆኜ ያንን ቦቲ ሳይ ነው። ከልጄ እግር አጠገብ አስጠጋሁት። ሁለት እግሯን ከነጭኗ ይውጣል።

“እማ፣ ትልቅ ነው እኮ” አልኳት።

“ታድጋለች” አለችና ገንፎዋን ልታማስል ሄደች።