ውጤት የማይያዝበት ጨዋታ

ከአዳማ የተነሳሁት ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጉዞዬ ለሽርሽር አልነበረም። አትላንታ ያለችው ታናሽ እህቴ ሂሩት ደውላ፣ «ቤቲ ትምህርት ቤት ውስጥ ቃል አይወጣትም። ና፣ ትንሽ ሰንብትና ስትመለስ ይዘሃት ሂድ፤ እማዬ ጋ ትደግ» ብላኝ ነው። ቤቲ የስድስት ዓመት ልጇ ናት፤ ዲቪ ደርሷቸው ከሄዱ ገና ዓመታቸው። እናታችን ይህን ስትሰማ ለልጅቷ ትንሽ አልጋ አሠራች።

ሂሩት ከኤርፖርት ተቀብላኝ በመኪናዋ አትላንታ ዳር ወዳለችው ሰፈሯ፣ ወደ ታከር፣ ወሰደችኝ። መንገዱ ሁሉ ዛፍ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። «ከተማው የት አለ?» ብላት «ያለፍነው እኮ ነው» አለችኝ።

ቤት ስንገባ ቤቲ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በአማርኛ እንደ ድሮዋ ትለፈልፋለች። ከበር ውጪ ግን ዝም ነው። የጎረቤት ልጅ ሰላም ሲላት እናቷ ጀርባ ተደበቀች። አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ጠዋት

«ዛሬ ቲ-ቦል አላት» አለች ሂሩት፤ የሕፃናት ቤዝቦል መሆኑ ነው። «አስተማሪዋ ሬጂስተር አድርጊያት ብላኝ ነው። እስካሁን ግን ቆማ ነው የምትመለሰው።»

እኔ አዳማ ውስጥ የሰፈር እግር ኳስ ዳኛ ነኝ፤ ጨዋታ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ወላጆች ታጣፊ ወንበር ይዘው ሜዳው ዳር ተኮልኩለዋል። እኔም በሁለት ዶላር ሆት ዶግ ገዝቼ ተቀመጥኩ። ኳሷን የሚወረውር ሰው የለም፤ ዘንግ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጁ በዱላ ይመታታል፤ ቢስት ይደግማል፣ አሁንም ቢስት ይደግማል። ከመታ በኋላ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ መሬት ላይ ወደተነጠፈችው ነጭ ትራስ፣ መሮጥ አለበት። ተከላካዮቹ ሣር ይነጫሉ። ኳስ ስትመጣላቸው ደግሞ ከገዛ ጓደኞቻቸው ጋር ይሻሙባታል።

«ስንት ለስንት ናቸው?» አልኳት።

«አይቆጠርም።»

«ታዲያ ማን ያሸንፋል?»

«ማንም።»

ጉድ ነው። ይሄን ሁሉ ሰው ታዲያ ምን ሰበሰበው?

አንዱ ልጅ መትቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሮጥ አመሌ ተነሳ። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁና እጄን እያወናጨፍኩ ሜዳ ገባሁ። ሁሉም ቀጥ አለ። ሂሩት ፊቷን ሸፈነች። እኔ ያፈርኩት መሐል ከደረስኩ በኋላ ነው። አሠልጣኟ፣ አንዲት ሳቂታ ሴትዮ፣ ወደ እኔ መጣች። ልታባርረኝ ነው ስል ኮፍያዋን አውልቃ አናቴ ላይ ደፋችው። እጄን ይዛ መጀመሪያው ማረፊያ ላይ አቆመችኝና «እዚህ ሁንና ጥራቸው» አለችኝ።

ጠራኋቸው። በየተራ እየሮጡ መጥተው መዳፌን ይመቱ ጀመር። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

የቤቲ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ ዘንጉን መታች፤ ስትደግም ኳሷ ተንከባለለች። እሷ ግን ደርቃ ቀረች። «ቤቲ፣ ነይ ወደ እኔ» ስል ከነዱላዋ መጣች። የሳቀባት የለም፤ የማናውቃቸው ሰዎች ተነስተው አጨበጨቡላት።

ቀጥሎ የመታው ልጅ ቆሞ አቧራ ይጭራል። ልጠራው አፌን ስከፍት ቤቲ ቀደመችኝ።

«ረን! ረን!» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸችለት።

ሂሩት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ መልሳ ቁጭ አለችና በሻርፗ እንባዋን ጠረገች። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «እስቲ ትቆይ» አለችኝ። እኔም ትቆይ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እዚያች ማረፊያ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻው ቅዳሜ ቤቲ ከሁለት ልጆች ጋር ሣር እየነጨች ስታወራ፣ እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። ኮፍያውን ልመልስ ብል አሠልጣኟ እምቢ አለች። ያቺን ሴትዮ እግዜር ይስጣት፤ ሜዳዋን ረብሼባት ቦታ ሰጠችኝ። ዛሬ አዳማ ላይ ሕፃናት ሲጫወቱ ፊሽካዬን ኪሴ ከትቼ ኮፍያዋን አደርጋለሁ።

ያን ጊዜ ከአትላንታ ተመልሼ አዳማ ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ትፈልጋለች።

«ልጅቷስ?»

«ጨዋታ ላይ ናት፣ እማዬ።»

«ከሰው ጋር?»

«ከሰው ጋር።»

«ተመስገን» ብላ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። «አልጋው ይቆያታል።»