የስቅለት ዕለት ጆሮ ጠቢ

ሰሞኑን መሳቢያ ሳጸዳ ያቺ አውራ ጣት የምታህል የሬዲዮ መቀበያዬ ከአሮጌ ቻርጀሮች ጋር ተጠላልፋ ተገኘች። ልጄ አንስታ "ማሚ፣ ካን አይ ስሮው ዚስ?" አለችኝ፤ ልትጥላት። "እጅሽን ሰብስቢ!" አልኳት፤ ደነገጠች።

ያኔ ከእናቴ ጋር ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ስንኖር ኮሌጅ መጀመሬ ነበር። መቀበያዋን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ፣ ከልብስ መስቀያ ሽቦ አንቴና ሠርቼ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ሲነጋገሩ አዳምጥ ነበር። እናቴ "ሥራ ፈት" ትለኛለች። እኔን ግን ድምፃቸው ያስደንቀኝ ነበር፤ ቤት እየነደደ እንኳ ዳቦ እንደሚገዛ ሰው ረጋ ብለው ነው የሚያወሩት።

በጸሎተ ሐሙስ፣ ፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሽ ደምሴ ትኩስ ጉልባን ይዘውልን መጡ። ላፕቶፑን አዩና "ምንድን ነው የሚለፈልፈው?" አሉ። ነገርኳቸው። በወጣትነታቸው በጠቋሚ ታስረው፣ በሱዳን በኩል የተሰደዱ ሰው ናቸው።

"ጆሮ ጠቢ ሆንሽ በይኛ!" ብለው ሳህኑን አስቀምጠው ወጡ። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ እርጥብ በረዶ ጣለ። እናቴ ሥራ ገብታ ብቻዬን ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ የእኛን ሕንፃ ጠራ። "የታችኛው ፎቅ ደዋይ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያው ድው ድው ሲል ነበር ይላል። አሁን አንድ ነገር ወድቆ ጸጥ ብሏል።" ተናጋሪዋ ግራ እንደገባት ያስታውቃል። እኔ ግን ገባኝ፤ ስግደት ነው! ጋሽ ደምሴ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው መኪና በበረዶው ቀርቶባቸው ቤታቸው ሲሰግዱ ውለዋል። ደግሞ ስኳር አለባቸው።

በራችን ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ማን ነገረሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሠራተኞቹ ሲደርሱ ተመስገን አልኩ። ወዲያው ላፕቶፑ "ነቅተዋል፤ ስኳራቸው በጣም ወርዷል፤ አፋቸውን አልከፍት ብለዋል፤ በቋንቋም አልተግባባንም" አለ። በሩን እንደከፈትኩት በካልሲ ሮጥኩ።

ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዲት የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚዋጥ የስኳር ዝልግልግ ይዛ አጠገባቸው ተንበርክካለች።

"ጋሼ፣ ይዋጡት። የታመመ ሰው ጾም የለበትም።"

"ስግደቱ አላለቀም።"

"እግዜር ያውቃል ጋሼ፣ በሞቴ።"

አዩኝ። "ማን ነገረሽ?"

"ሬዲዮው።"

ቀስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ሴትየዋ ትከሻዋ ላይ ባለው ሬዲዮ "ጎረቤት መጥታ እያስተረጎመችልን ነው፤ እየዋጡ ነው" አለች። ያው ቃሏ ክፍት ከተውኩት በራችን፣ ከላፕቶፔ ሲወጣ ሰማሁት።

በዓመቱ ስቅለት ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ናቸው።

"ቤቴ ልሰግድ ነው። ያ ጆሮ ጠቢሽ ክፍት ነው?"

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ዛሬ መቀበያዋን ብሰካት ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ንግግሩ አሁን በምስጢር ኮድ ለእንደኔ ዓይነቱ ጆሮ ተቆልፏል። ለልጄ ታሪኩን ስነግራት ግን የገረመኝ ሬዲዮው አልነበረም። ስሙን እንኳ ያልጠየቅሁት የታችኛው ጎረቤት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጣሪያው ሲደቃበት ያልደወለ ሰው፣ ድምፁ ሲቆም ደወለ።