ለየሻሽወርቅ የምትሆን መኪና

ዕንባቆም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በስዊድን አገር ሶደርተልየ በምትባል ከተማ በሚገኝ የከባድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ቦታው የመገጣጠሚያው መስመር መጨረሻ ላይ ነበር። ያለቀለት መኪና ከበሩ ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑን የሚፈትሸው እሱ ነው። ጆሮውን ወደ አየር ቱቦዎቹ አስጠግቶ ሌላ ሰው የማይሰማትን ቀጭን ትንፋሽ ይሰማል፤ ከሰማ ደግሞ አይፈርምም። አለቆች ሰዓታቸውን እያዩ ቢቆሙበትም አይፈርምም። የሥራ ጓደኞቹ “ዕንባቆም የፈረመበትን መኪና ሳትሰጋ ንዳው” ይሉ ነበር። የሚሰጋው እሱ ራሱ ነው። ማታ በባቡር ስቶክሆልም ዳር ወዳለው ሰፈሩ ወደ ቬሊንግቢ ሲመለስ፣ ቀን የፈረመባቸው መኪኖች አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ይደረደራሉ፤ የሦስተኛውን የኋላ ግራ ጎማ በደንብ አይቼዋለሁ ወይ እያለ ቤቱ ይደርሳል።

ጡረታ ሲወጣ ስዊድኖች ሁስቢል የሚሉትን፣ አልጋና ማብሰያ ያለውን ቤት መሰል መኪና ገዛ። ሐሳቡ ከሚስቱ ከየሻሽወርቅ ጋር በጋውን እየዞሩ ለማሳለፍ ነበር። እሷ ሃያ አራት ዓመት ለሕፃናት ማቆያ ምግብ ስታበስል የኖረች፣ ከጎረቤት ከተማዋ ከኡፕሳላ ወዲያ ያለውን አገር በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቅ ሴት ናት። ሁስቢሉ በተገዛ በአምስተኛው ወር ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ሄዳ አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ትውላለች። ሁስቢሉም ሸራ ለብሶ ከሕንጻው ጀርባ ቆሞ ቀረ።

በየካቲት መጀመሪያ ልጃቸው ንጋት ከሼሌፍቴዮ ደወለች። ሼሌፍቴዮ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። አርግዣለሁ፣ ሰኔ ላይ እወልዳለሁ አለች፤ በስዊድንኛ ነው የነገረቻቸው፤ ደስታም ሆነ ለቅሶ ሲመጣባት አማርኛው ይጠፋታል። ባሏ ማኑሄ ማዕድን ማውጫ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ሁለት ሳምንት ቤቱ ነው። የሻሽወርቅ ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ ልጄን ሌላ ሰው አያርሳትም አለች።

ነርሶቹ ረዷት። ሼሌፍቴዮ ያለው ሆስፒታል ለአንድ ወር በእንግድነት ሊያጥባት ተስማማ። የንጋት ቤት ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ አሳንሰር የሌላት አንዲት ክፍል ናት። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ እንዲህ ያሉ መኪኖች በሚያድሩበት የካምፒንግ ሜዳ ላይ በሁስቢሉ ውስጥ ለማደር ወሰኑ። የዕንባቆም ጭንቀት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰባት ሜትር የሚረዝም መኪና በሳምንት ሦስት ቀን ከመብራትና ከውኃ መስመሩ እየተነቀለ ሆስፒታል በር ላይ አይቆምም። የሻሽወርቅ ደግሞ ከእጥበት ስትወጣ የደም ግፊቷ ይወርዳል፤ አንድ ቀን ታክሲ ስትጠብቅ ራሷን ስታ ወድቃለች። ከዚያ በኋላ ዕንባቆም ከራሱ በስተቀር ማንንም አያምንም። ትንሽ መኪና ከኋላ ጎትቶ መሄድ አለበት።

አሜሪካኖች በቪዲዮ ሲያሳዩ አይቷል፤ መኪናዋን በራሷ ጎማ አስፋልት ላይ እያንከባለሉ ነው የሚጎትቱት። ስዊድን ውስጥ እንዲያ ተደርጎ ረጅም መንገድ አይኬድም፤ መኪናዋ ተጎታች ላይ መጫን አለባት። መንጃ ፈቃዱ ይህን ይፈቅድለታል፤ ፋብሪካ ሳለ የከባድ ተጎታች ፈቃድ አውጥቷል። የሚያስጨንቀው ክብደቱ ነው። ሁስቢሉ መጎተት የሚችለው አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ነው። ተጎታቹ ብቻውን ሦስት መቶ ሃምሳ ይመዝናል። የቀረችውን አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ዕንባቆም ወደ አንድ ሺህ አወረዳት፤ መቶ ሃምሳዋ ለማያውቀው ነገር መጠባበቂያ ናት።

የቀድሞ የሥራ ጓደኛው አብዱልሀፊዝ አሁን እዚያው ሶደርተልየ ያገለገሉ መኪኖች ይሸጣል። የወሎ ልጅ ነው፤ በዕድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚያንስ ጋሽ ዕንባቆም፣ አንቱ እያለ ነው የሚያናግረው። ግቢው ያለውን መኪና ሁሉ ዘረዘረለት። ዕንባቆምም ሁለት ሌሊት ካውጠነጠነ በኋላ ቆንጆ ነገር ያገኘ መሰለውና ምርጫውን ለሚስቱ ነገራት። የሻሽወርቅ ግን በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ብቻ አልስማማም አለች።

“ደህና ሆኜ ብቀመጥባት ምን ይረባናል?” አለችው። “ከማሽኑ ስወርድ አምጣት። ያን ጊዜ ገብቼ መውጣት ከቻልኩ፣ እሷ መኪና ናት።”

ስለዚህ አብዱልሀፊዝ በእጥበት ቀን መኪና ይዞ ሆስፒታሉ በር ላይ መቆም ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ክብደቷ ስምንት መቶ እንኳ የማይሞላ ነበረች፤ ዕንባቆም ቀድሞ የመረጣት እሷን ነበር። የሻሽወርቅ ቀስ ብላ ገባች። መውጣቱን ግን አልቻለችም። ወንበሩ ከመሬት የተጠጋ በመሆኑ ሁለቱ ወንዶች ከግራና ከቀኝ ብብቷን ይዘው አነሷት። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ቱነልባና ወደሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ መራመድ ጀመረች፤ ዕንባቆምም ይቅርታ ይጠይቃት ወይም ክንዷን ይያዝ ሳያውቅ ከኋላዋ ተከተላት።

ሁለተኛዋ ሰፊ፣ ወንበሯ የሚሞቅ፣ ድምፅ የሌላት መኪና ናት። የሻሽወርቅ ገብታ ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገች፤ ብሮማ የሚባለውን ሰፈር ሳያልፉ እንቅልፍ ወሰዳት። ከታመመች ወዲህ ዕንባቆም ቀን ላይ እንዲህ ስትተኛ አይቷት አያውቅም። መኪናዋ ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ናት። አብዱልሀፊዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስልሳ ኪሎ ብትበልጥ መንገድ ላይ ማን ይመዝናታል፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው አለው። ዕንባቆም ወደ ሚስቱ ዞረ። ቤት እስኪደርሱ ፊቷን እያየ፣ ልክ ነው ቢለው ምን ይሆናል እያለ አሰበ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቶ እሺ ሊል ነበር። በአራተኛው ደውሎ አልወስዳትም አለ፤ ምክንያቱን አልጠቀሰም፤ አብዱልሀፊዝም አልጠየቀውም፤ አብረው ሠርተዋልና ያውቀዋል።

ሦስተኛዋ የተገኘችው በግንቦት አጋማሽ ነው። ሣጥን የመሰለች፣ ቀለሟ የደረቀ ቅጠል የሚመስል፣ ወንበሯ ከፍ ያለ፣ አራት በር ያላት፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ኪሎ የምትመዝን የጃፓን መኪና። የሻሽወርቅ ሳትጎነበስ ገባች፣ ሳትያዝ ወጣች። ከዚያ አፍንጫዋን ይዛ፣ ውሻ ውሻ ትሸታለች አለች። ዕንባቆም ሦስት ጊዜ አጠባት፤ ሽታው ቀነሰ እንጂ አልለቀቀም።

በዚያው ሳምንት እሑድ መኪናዋን ከአብዱልሀፊዝ በተዋሰው ተጎታች ላይ ጭኖ ለሙከራ ወደ ደቡብ አውራ ጎዳና ወጣ። የሻሽወርቅ ብቻህን አትሄድም ብላ ከጎኑ ተቀምጣለች። ከሶደርተልየ አልፈው ቁልቁለት ሲጀምሩ መሪው በእጁ ውስጥ ቀለል አለ። በመስታወቱ ሲመለከት ተጎታቹ ጭራውን ወደ ቀኝ ወሰደ፤ ቀጥሎ ወደ ግራ፤ እንደገና ወደ ቀኝ፣ ከፊተኛው በሰፋ። አንድ አውቶቡስ በጎናቸው ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ዕንባቆም ፍሬን እንዳይረግጥ እግሩን በጉልበት ያዘ፤ የነዳጁን መርገጫ ብቻ ለቅቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ ጠበቀ። ተጎታቹ ሁለት ጊዜ ከተወዛወዘ በኋላ ተረጋጋ። ማረፊያ ቦታ ላይ ሲያቆም ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር።

“ለንጋት ደውዪላት። አንሄድም” አላት።

የሻሽወርቅ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። እጇ የወንበሩን እጀታ እንደያዘ ነበር።

“እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ደሜ በቱቦ ወጥቶ ሲመለስ እያየሁ እቀመጣለሁ” አለች። “ያንን ማሽን ጠዋት የሚፈትሽ ሰው አለ። እንዳንተ የሚፈራ ይመስለኛል። ፈርቶ ቤቱ ቢቀር ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም። ውረድና ምን እንደሆነ እየው።”

ወረደ። ዞሮ ዞሮ አየው። ሞተሯ ያለው ከፊት ነው፤ እሱ ደግሞ የሁስቢሉን ጀርባ እንዳትነካ ፈርቶ መኪናዋን ወደ ኋላ አርቆ አስሯታል። ክብደቱ ሁሉ ከተጎታቹ ጎማ በስተኋላ ስላረፈ የመጎተቻው ጫፍ ወደ ላይ እየተነሣ ነበር። ከመጠን በላይ መጠንቀቁ ሊገላቸው ነበር። ማሰሪያውን ፈትቶ መኪናዋን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት አስጠጋት። ቤት ሲመለሱ የሻሽወርቅ ክብደቷን የምትለካበትን ሚዛን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቶ የተጎታቹን የመጎተቻ ጫፍ አስቀመጠበት፤ ስልሳ ስምንት ኪሎ አነበበ። ጫፉ ወደ ታች ተጭኖ እንዲቆይ የሚፈለገው ክብደት ይኸው ነበር። ጠመኔ አምጥቶ ጎማዋ የሚቆምበትን ቦታ ተጎታቹ ወለል ላይ አሰመረ።

በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ተነሡ። በሰዓት ከሰማንያ አልበለጠም፤ ከኋላ የተሰለፈውን መኪና ሁሉ በየማረፊያው እየቆመ አሳለፈ፤ በቆመ ቁጥርም ወርዶ ማሰሪያዎቹን በእጁ ነካ ነካ አደረገ። ሱንስቫል ከተማ አቅራቢያ አደሩ። እሑድ ትልቁ የባሕር ድልድይ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ሁስቢሉን ገፋው፤ የሻሽወርቅ ቁልቁል ውኃውን እያየች ስታደንቅ እሱ ከመስታወቱ ዓይኑን አላነሣም። ማታ ካምፒንጉ ሲገቡ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ብላ ንጋት ብትጠይቀው ጎማውን እንጂ መንገዱን አላየሁም አላት።

ሰኞ ዕለት ያቺ ውሻ ውሻ የምትሸት መኪና የሻሽወርቅን ወስዳ መለሰቻት። ረቡዕ ግን እጥበቱ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ንጋት ደወለች፤ ምጥ ይዟታል፤ ማኑሄ ከሥራ ቦታው ገና መንገድ ሊጀምር ነው። ዕንባቆም በመኪናዋ ሄዶ ከሦስተኛ ፎቅ እየደገፈ አወረዳት። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ እናት ከታች ማሽን ላይ፣ ልጅ ከላይ ማዋለጃ ክፍል ሆኑ። እሱ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ዋለ፤ ወደ ታች ወርዶ የማሽኑን ቁጥር ያያል፣ ወደ ላይ ወጥቶ በር ላይ ይቆማል። አሳንሰር መኖሩን ኋላ ነው ያወቀው።

የሻሽወርቅ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍታ ስትደርስ ሕፃኗ ተወልዳ ግማሽ ሰዓት ሆኗታል። መርፌ ያልገባበትን ክንዷን ዘርግታ ተቀበለቻት። ብዙ ቆይታ ዕንባቆምን ያዛት አለችው። ጨርሰው እስኪያለብሷት ልጠብቅ፣ እጄን ልታጠብ፣ ልቀመጥ እያለ ምክንያት ደረደረ። በመጨረሻ ንጋት ከአልጋዋ ላይ፣ በአማርኛ፣ “አባዬ፣ ያዛት በቃ” አለችው፤ ያዛት።

ዓርብ ከእጥበት በኋላ አራሷን ከማዋለጃ ክፍሉ ሊወስዱ ሄዱ። ዕንባቆም ሁሉን ለክቶ የሕፃን ወንበር መለካት መርሳቱን ያወቀው ማኑሄ ወንበሩን ይዞ ሲወርድ ነው። ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን የኋላ ወንበር በስንዝር ለካ። ማኑሄ የሕፃኗን ወንበር የሚያስረውን ቀበቶ ሦስት ጊዜ እያወለቀ እንደገና አሰረው፤ በአራተኛው ያዘ። ንጋት ከሕፃኗ አጠገብ ከኋላ፣ የሻሽወርቅ ከፊት ገቡ። ማኑሄ ብስክሌቱን ይዞ ቀደመ። ዕንባቆም መንገዱን በአርባ ሲጓዝ ከኋላው ሰባት መኪና ተሰለፈ። በቀኝ በኩል የሻሽወርቅ ራሷን ደገፍ አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል። አንድ ሰው ጥሩንባ ነፋ። ዕንባቆም ፍጥነቱን አልጨመረም።