እናቷ ያወጡላት ስም

ሰሞኑን የደብራችን ወጣቶች ቤቴ እየተመላለሱ አሰልችተውኛል። የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ሳይፈርሱ እንዲቆዩ፣ የሙታኑም መዝገብ በደህና ወረቀት እንዲገለበጥ ተነሥተዋል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አልጠላሁትም። መዝገቡን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝና፣ "እንዴት ያለ የተጣራ ሥራ ነው!" እያሉ ሲያመሰግኑኝ ወሬ እለውጣለሁ። እዚያ ውስጥ አንድ ውሸት አለ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከተማችን ሆሳዕና ያኔ ጥቂት የሣር ቤቶችና አንድ ገበያ ነበረች። አባቴ ከሰሜን ከመጡት ሹማምንት ጋር ጸሐፊ ሆኖ መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም ሙያውን ወርሼ ገና በወጣትነቴ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ሆንኩ። ሰው ሲቀበር የምጽፈው ሦስት ነገር ነበር፤ የክርስትና ስሙን፣ ወሩንና የተቀበረበትን ቦታ። የቤት ስም አይጻፍም። ለምን ብዬ አንድ ጊዜ የደብሩን አለቃ ብጠይቃቸው፣ "ፍትሐቱ የሚደርሰው በየትኛው ስም ነው? የቤት ስም ለጎረቤት ነው" ብለው ገሠጹኝ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከእግዜር ሌላ ሙታኑን የሚፈልግ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዓመታት አለፉና የሣሩ ቤተ ክርስቲያን ማፍሰስ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ አፍርሰን በቆርቆሮ፣ ሰፋ አድርገን እንሥራው አሉ። የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን የጥድ ምሰሶዎች ሰዎች ከዶዮገና ደጋ በትከሻቸው ተሸክመው እንዳመጧቸው አባቴ ይነግረኝ ስለነበር፣ ሲነቀሉ ማየት አልቻልኩም። ከሁሉ ነገር የተረፈው አንድ በር ነው፤ ዛሬም የዕቃ ቤቱ በር እሱ ነው። አዲሱ መሠረት በቅጽሩ ውስጥ ካለው ትልቅ ሾላ በስተምሥራቅ ባሉት መቃብሮች ላይ ስለሚያልፍ፣ ዘመድ ያለው መጥቶ ዐጽም ያፍልስ ተብሎ በገበያ ተለፈፈ። ያልታወቀው እዚያው ይቀራል።

አንዲት እናት ከሌሞ ገጠር በእግራቸው መጡ። ሃዲያ ናቸው፤ አማርኛቸው ጥቂት ቢሆንም ያሉትን ለመስማት አላስቸገረኝም። ልጃቸው ከተማ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቤት ስታገለግል፣ እመቤቲቱ ክርስትና አስነሥታት ነበር። ከዚያ በፊት በሽታ በገባበት አንድ ክረምት ሐምሌ ላይ ሞታ እዚሁ ተቀበረች። ወሬው ሌሞ የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው።

"ልጄ እዚህ አለች፤ ስጠኝ፣ ቤት እወስዳታለሁ" አሉኝ።

"የክርስትና ስሟ ማን ነው፣ እማማ?"

"እሱን አላውቅም። እኔ ያወጣሁላትን ነው የማውቀው።"

ስሟን ነገሩኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። በዚያ ሐምሌ ከሾላው በስተምሥራቅ የተቀበሩ ወጣት ሴቶች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በክርስትና ስም ብቻ። የልጅቷን የክርስትና ስም የምታውቀው እመቤቲቱ ናት፤ እሷ ደግሞ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ ሄዳለች። እናትየዋ ሦስት ቀን ከሾላው ሥር አልተነሡም። ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው እየሄዱ በዚያ ባወጡላት ስም ይጠሯታል። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው እኔን ያያሉ፣ አለቃው ከአሁን አሁን ጨርስ እያሉ ይልካሉ።

በሦስተኛው ቀን በአንደኛው መቃብር ላይ ቆሜ "ይቺ ናት" አልኳቸው።

ሁለቱንም ማስወጣት እንደሚቻል ያሰብኩት ግንቡ ከቆመ በኋላ ነው። ደክሞኝ ነበር። ሌላ ሰበብ የለኝም። እናትየዋ ዐጽሙን በነጭ ጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ሄዱ፤ እኔም በመዝገቡ ላይ ከክርስትና ስሙ ትይዩ "ዐጽሟን እናቷ ወስደዋል" ብዬ ጻፍኩ።

እመቤቲቱ ለመስቀል ተመለሰች። የልጅቷን የክርስትና ስም ስትነግረኝ መዝገቡን ገለጥኩ። ሌላኛዋ ነበረች። በዚያን ጊዜ በላይዋ ድንጋይ ተደርድሮ ግድግዳው ወገብ ደርሶ ነበር።

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገር ግን እናትየዋ ገበያ በመጡ ቁጥር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ደጄ ላይ ይቆማሉ። "ልጄን ሰጠኸኝ" ይሉኛል፣ ከዚያ ይመርቁኛል። ቅቤውን ለጎረቤት እሰጥ ነበር። አንድ ቀን ቆርጬ ሌሞ ድረስ ሄድኩ። ከእንሰቱ ጀርባ መቃብሩን አጥረው፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው እህል እየለቀሙ ያወሯታል። ቋንቋቸውን ባልሰማም ስሟን ለየሁት። ሳያዩኝ ተመለስኩ። ሲሞቱም ከዚያች ከማላውቃት ልጅ ጎን ተቀበሩ። ልጃቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ከእኛ ጋር ናት፤ በየእሑዱ አጠገቧ ቆመን እናስቀድሳለን።

ትናንት ወጣቶቹ መዝገቡን አመጡልኝ። እንዲህ ከሚገለበጥ ጉዱ ይውጣ ብዬ፣ እነሱ እያዩኝ "ዐጽሟን እናቷ ወስደዋል" ያልኩበትን መስመር ሰረዝኩት። ቀጥዬ ከእውነተኛዋ ልጅ የክርስትና ስም አጠገብ የቤት ስሟን ልጽፍላት ብዕሬን ነከርኩ፤ እናቷ ሦስት ቀን ሙሉ ከሾላው ሥር ሲጠሩት የሰማሁትን፣ ሌሞም ድረስ ሄጄ የሰማሁትን።

ስሙ ጠፋኝ። ወጣቶቹ ብዕሩ እስኪደርቅ ጠበቁኝ፤ ከዚያ መዝገቡን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።