የሸምሳ እንቁላል

አሸቱ የባሏን ኮት ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ የእንቁላል ቅርፊት መዳፏ ላይ ፈሰሰ። ሁዳዴ ገና አልተጋመሰም ነበር።

ነጌሌ ቦረና ውስጥ ባሏን መምህር ቢረሳውን የማያውቅ የለም፤ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ አርጅቷል። ኩላሊቱ መድከም ሲጀምር ሐኪሙ፣ «ሥጋና እንቁላል ቀንሱለት» ብሎ ነበር። አሸቱ ያንን ቃል እንደ ጸሎት ያዘችው። ሰርግ ቤት እንኳ አጠገቡ ተቀምጣ ጥብሱን ከፊቱ ታነሳ ነበር። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ኩላሊቱ ጨርሶ ስለተወው ደሙ በዲያሊስስ ማሽን ይታጠባል። እሷ ደም ማየት ስለማትችል ሆስፒታሉ በር ላይ አድርሳው ትመለሳለች። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳ፤ ቀበቶውን በምስማር እየበሳች አጠበበችለት።

ቅርፊቱን ስታይ መጀመሪያ ትዝ ያላት ሸምሳ ናት። ሸምሳ ገበያ ዳር ጨርቅ ትሸጣለች፤ ወንድሟ ፈሀድም ከቢረሳው ጎን ባለው አልጋ ላይ ደሙን ይታጠባል። ቢረሳው ከሆስፒታል በተመለሰ ቁጥር፣ «ሸምሳ እኮ ዛሬ አሳቀችን» ይላል። ቤቱ ውስጥ ከሳቀ ስንት ጊዜው።

በቀጠሮው ቀን አሸቱ በር ላይ አልቀረችም። ቱቦዎቹን ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ገባች።

«አካም፣ እትዬ አሸቱ፣ ናጋ?» አለች ሸምሳ።

«ናጋማ፣ ሰላሙማ አንቺ ዘንድ ነው። ይሄ የማን ነው?» ቅርፊቱን ዘረጋችላት።

ሸምሳ ጎንበስ ብላ አየችው። «የዶሮዬ ነው።»

ፈሀድ ሳቁን ዋጠ።

«በጾም ባሌን እንቁላል ታበዪዋለሽ? ኩላሊቱንስ አታስቢም?»

«የሱ ኩላሊትማ አሁን ይሄ ማሽን ነው፣ እትዬ።»

ነርሷ ዲቦራ መጥታ መሀላቸው ቆመች። «እናቴ፣ ያ ምክር የድሮው ነው። ያኔ ሥጋው ለደከመው ኩላሊት ሸክም ስለሚሆን ነው ቀንሱ የተባላችሁት። አሁን ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ ሰውነት የሚገነባበትንም አብሮ ይወስዳል። ካልተተካ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል። እንቁላል፣ በተለይ ነጩ፣ ዶሮም፣ ዓሣም ያስፈልጋቸዋል፤ ጨው አይብዛበት። መጠኑን እኛ እንነግርዎታለን። ለጋሼ ነግረናቸው ነበር።»

አሸቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ነግረውህ ነበር?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«ስለኔ ስትጾሚ፣ ስለኔ ስትሰግጂ እያየሁ፣ እንቁላል ቀቅይልኝ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?»

ቅናቱ የቱ ጋ እንደሚያማት ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የእንቁላሉ ነገር አይደለም። ባሏ ርቦት ኖሯል፤ ርቦኛል ያለው ግን ለሌላ ሴት ነው።

ከሆስፒታል ወጥታ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። ካህኑ እስክትጨርስ አዳመጧት። «ልጄ፣ ሕመምተኛን መድኃኒቱን መንፈግ ጽድቅ ነው ያለሽ ማን ነው? እሱ ይብላ። አንቺ የሱንም ጹሚለት።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሸምሳ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትገባ ፈሀድ የአሸቱን እንቁላል እያላመጠ ነበር።

«ደሞ ወንድሜን ልትቀሚኝ ነው?»

«ቀደምኩሽ።»

«እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፣ ቀንተሽብኝ ነበር?»

«አሁንም አልለቀቀኝም» አለች አሸቱ። ሸምሳ ሳቀች፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

ቢረሳው አንድ ጊዜ ገምጦ ቆም አለ። «ጨው የለውም።»

«የሸምሳስ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲያው ብላ።»

በላ። ጣቶቹን በመሐረብ ጠረገና አሸቱ እንቁላሉን ወዳመጣችበት ፌስታል ተመለከተ።

«አሸቱ፣ ርቦኛል» አላት።

ተመስገን፣ አለች በልቧ፤ ሁለተኛውን መላጥ ጀመረች።