የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ውሃ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ በምትሠራ ትንሽ ድርጅት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ታምራት ኮምፒውተር ከመስጠታቸው በፊት በስቴፕለር የተያያዘ አራት ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ኮድ ስንጽፍ የምንከተለው ደንብ ነው አሉኝ። መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ በአራት ባዶ ቦታ ይግባ፤ ታብ የሚባለውን ቁልፍ መጫን ክልክል ነው። «ይህ ከሆነ» ከሚለው ከ«ኢፍ» ትእዛዝ በኋላ አንድ መስመር ብቻ ቢኖርም ጥምዝ ቅንፍ ይከፈት፣ ይዘጋ። አንድን ሥራ ለብቻው የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ፈንክሽን የምንለው፣ ከአንድ ስክሪን አይለፍ። ስም ሥራውን ይናገር።

በማዕረግ የተመረቅኩ ሰው ነኝና ደሜ ፈላ። ቅንፍ የት እንደሚቀመጥ ሊያስተምሩኝ ነው? ቢሆንም የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ነበረብኝ፤ እሺ ብዬ ፈረምኩ።

እኛ ጋ ማንም የጻፈው ኮድ ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ማሽን አይገባም። የእኔን የሚያነበው ደረጀ ነበር፤ በሥራ ሁለት ዓመት የሚቀድመኝ፣ ሳቂታ የአረርቲ ልጅ። የመጀመሪያው ኮዴ ሰባት ጊዜ ተመለሰ። ቫሪያብሎቼን፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ ቁጥር የሚይዙትን ስሞች፣ በነጠላ ፊደል ብቻ ጠርቻቸው ስለነበር፣ እነዚህ ልጆች ክርስትና አልተነሡም ወይ እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ደነባ አጠገብ ካለች ቀበሌ ሥራ መጣ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ በላይነሽ መቆጣጠሪያው እንዲገባ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብዙ ተሟግተዋል። ሽማግሌዎቹ ዘበኛው ሞተሩን በእጁ ካስነሳ ምን ጎደለ ባዮች ነበሩ። ከእኛ የተፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ፓምፑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳ፣ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው በጊዜ ወደ ሥራቸው ይሂዱ።

«የፓምፕ መነሻ ሰዓት» የሚል ስም ሰጠሁና አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ስሙ ሥራውን ይናገራል፣ ደንቡን አክብሬያለሁ። ደረጀም አንብቦ ጥሩ ነው አለ። ሰዓት የምትቆጥረውን ቺፕ ወደ አሥራ ሁለት አዙረን ሞከርን፤ ሞተሩ ተነሳ። ተጨባበጥን።

ቺፗ ግን የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው። የእሷ አሥራ ሁለት የእኛ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ቀትር ነው። እኔ ስጽፍ ንጋትን አስቤያለሁ፤ ደረጀ ሲያነብ ደንበኞቹ በቀትር ውሃ የሚፈልጉ መስሎታል። አልተጠያየቅንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ደረሰብን።

ፓምፑ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ በላይነሽ ደወሉ። ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ጀሪካን ደርድረው ቆመዋል። በመጨረሻ ሞተሩን በእጁ ያስነሳው ያው ዘበኛ ነው፤ ያውም ሽማግሌዎቹ እያዩ።

«ልጄ፣ ማሽንሽ እንቅልፋም ነው» አሉኝ። «ነገም ካረፈደ ሽማግሌዎቹ ንቀሉት ብለዋል። እኔም ከእንግዲህ በዚህ አገር አፍ የለኝም።»

ከሥራዬ ይልቅ የሳቸው ነገር አስጨነቀኝ። በጣም አፈርኩ።

ጋሽ ታምራት ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ኮዱን አንብበው ሳቁ። ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምነሳ ጠየቁኝ። አሥራ ሁለት አልኳቸው። «እንግዲያው ለቺፗም የማን አሥራ ሁለት እንደሆነ ንገሪያት» አሉና የመኪናውን ቁልፍ አነሱ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌዋ ደርሰን አሥራ ሁለቱን ስድስት አደረግኩት። ስሙንም የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን እንዲናገር ለወጥኩት። እዚያው አደርን።

ማለዳ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ አንደኛው ዓይናቸውን ከእጅ ሰዓታቸው ላይ አይነቅሉም። ልክ አሥራ ሁለት ሲል ሞተሩ ተነሳ። ባለሰዓቱ ሽማግሌ ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ዞር አሉና «ዘበኛችን እንኳ እንዲህ በሰዓቱ ተነስቶ አያውቅም» አሉ። ወይዘሮ በላይነሽ ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር አስቀመጡ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ቢሮ ስንመለስ ጋሽ ታምራት አራተኛውን ገጽ አውጥተው ከግርጌው ባዶ ቦታ አሳዩኝና እንድጽፍ አዘዙኝ። «ሰዓት የያዘ ስም ሁሉ የማን ሰዓት እንደሆነ ይናገር» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹም ደንቦች እንዲሁ ተሳስተው በተመለሱ ሰዎች እጅ የተጻፉ መሆናቸውን ያን ቀን ነገሩኝ። የቅንፉን የጻፈው ደረጀ ነው። ምን አድርጎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አይነግረኝም።

አሁን ወረቀቱን ለአዲስ ገቢዎች የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ስድስት ገጽ ሆኗል። ደማቸው ሲፈላ አያለሁ። ያን ጊዜ ማሽኑ የጻፍኩለትን በትክክል ፈጽሟል፤ ያልተግባባነው እኔና ደረጀ ነን። ደንቡም የተጻፈው ለእኛ ነው።