የቨሬኒ ጠማማ ድምፅ

ቨሬኒ አይብ ስትሠራ የኖረች የስዊስ ተራራ ሴት ናት። ከራሷ ቁመት የሚረዝም የእንጨት መለከት ትነፋለች። መለከቱ አንዲት ጠማማ ድምፅ አለችው፤ መንደርተኛው ከነጠማማነቷ ይወዳታል።

ለገና ኮንሰርት ሲለማመዱ የወንድሟ ልጅ ላዲና የቀዳችውን የመለከቷን ድምፅ በኮምፒውተር አሰማቻት። ጠማማዋ ድምፅ ቀጥ ብላ ወጣች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«አንቺው ነሽ፣ አክስቴ። ማሽኑ አርሞሽ ነው።»

«ባሌ አርባ ዓመት ሞክሮ ያቃተውን?» አለችና መለከቷን ይዛ ወጣች።

በኮንሰርቱ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ላዲና ኮምፒውተሩን ትታ በኤሌክትሪክ ጊታር አጀበቻት። ቨሬኒ ጠማማዋ ድምፅ ላይ ስትደርስ፣ ላዲናም የጊታሯን ክር ገፋ አድርጋ ድምፁን እኩል አጣመመችው።

ከመድረክ ሲወርዱ ቨሬኒ ጉንጯን ቆነጠጠቻት።

«አንቺን ደግሞ ማን አበላሸሽ?»

«አክስቴ ናት» አለች ላዲና።